ሠላሳ ሰባተኛዋ ፍሬ

ከቀበርንሽ ማግሥት፣ በትከሻ ገፍተን
ጨው የበላው በርሽን እንደምንም ከፈትን።
እናቴ ሎሬታ መጥረጊያ ይዛለች፤
"ከየት ነው የሚጀመር?" ደጋግማ ትላለች።
አጎቴ ሳቨር ግን፣ ከሜልቦርን በርሮ
ነፋስ ጀልባ አግዶ ማልታ ላይ ታጉሮ
ከቀብርሽ የቀረው፣
ቆሟል በረንዳው ላይ፣ ባሕሩ ላይ አፍጥጦ፣
እንደ ተቀጪ ልጅ ባርኔጣውን ጨብጦ።

ናና ቼንሳ፣
ቅድስት ነበርሽ ብዬ እኔ አልጽፍልሽም፤
ብጽፍም አንቺ ራስሽ ዝም አትይኝም።
በካርታ ጨዋታ ታጭበረብሪያለሽ፤
የስምንት ዓመት ልጅ አሸንፈሽ ትስቂያለሽ።
የአባ ሳልቭ ስብከት ግማሽ ሰዓት ሲያልፍ
አገጭሽ ደረትሽ ላይ ጠብ ይላል በእንቅልፍ፤
"እናምናለን" ሲባል ግን፣ ከሁሉ ቀድመሽ
ቀጥ ብለሽ ትቆሚያለሽ፣ እንዳልተኛሽ ሆነሽ።
ስኳር ትቆጥቢያለሽ፣ ለሻይ ግማሽ ማንኪያ፤
ለአልጋ ቁራኛዋ ለኮስታንዛ ሾርባ ግን
አልነበረሽ መለኪያ።

በበጋ ማለዳ፣ ከድንጋይ ገበታ
ጨው ትጠርጊያለሽ ፀሐይ ሳትበረታ፤
ጎንበስ፣ ቀና፣ ጎንበስ፣ ከንፈርሽ ሲነቃነቅ፣
ሥራ ነው? ጸሎት ነው? ማን ነበር የሚያውቅ።
ማታ የመሠዊያውን ጨርቅ በስታርች ነክረሽ
ትተኩሺያለሽ፣ እጥፋቱን በጥፍርሽ አስምረሽ፤
"የጌታ ገበታ ነው፣ እጅሽን ታጠቢ፤
ደግሞም" ትይኛለሽ፣ "ከሩቅ እንጂ አትቅረቢ።"

ሌሊት ሰው ሲያጣጥር፣ ከሐኪሙ በፊት፣ ከካህኑም በፊት
የሚንኳኳው ያንቺ በር ነበር።
ሻርፕሽን ደርበሽ፣ መቁጠሪያሽን ይዘሽ፣
በቤት ጫማሽ እንዳለሽ ትወጫለሽ ሮጠሽ።
ንጋት ትመጫለሽ፤ "አረፈ" ብለሽ፣
ዳቦ ትቆርሺልናለሽ እጅሽን ታጥበሽ።

መሳቢያ ስትከፍት እናቴ አገኘችው፤
ምንም ሳትናገር ለእኔ አቀበለችው።
በጣትሽ ጠምጥመን ያስቀበርነው የብሩን፣
የበዓሉን ነበር። ይኸው የዘወትሩን፣
እንጨቱን፣ ወዝ የጠገበውን።
እያንዳንዷ ፍሬ ባለቤት ነበራት፤
በጨቅላነት የሞተው ዊጂ፣ መጀመሪያዪቱ ናት፤
እናቴ ሦስተኛ፤ ዘጠነኛዋ እኔ፤
አሥረኛዋ ሳቨር፣ "ሩቅ ነው ወገኔ፣
እሱንማ ሁለቴ!"
"የማኅፀንሽም ፍሬ" ስትዪ፣ በልጅነት
ያንቺው ይመስለኝ ነበር፣ ስለ እናቴ ጸሎት፤
ፍሬውን ከፍሬው መለየት አቅቶኝ።

ሠላሳ ሰባተኛዋ ግን እንጨት አይደለችም።
የወይራ ዘር ናት፤ በትኩስ መርፌ ተበስታ፣
ክሩ ላይ የገባች በጠፋችው ቦታ።
ጫፏ አውራ ጣት ይወጋል።
"ይቺስ የማን ናት?" ብዬ ጠይቄሽ አንድ ማታ፣
"ዝም ብለሽ ድገሚ!" አልሽኝ በቁጣ።

ደብተርሽም ተገኘ። የዳንቴል ሒሳብሽ በእርሳስ የሰፈረ፤
በመጨረሻው ገጽ ስማችን ተደረደረ።
ከሠላሳ ሰባት ቁጥር አጠገብ፦ ናርዱ።

ናርዱ!
ሦስት የጨው ገበታ በሐሰት ምስክር
ከአያቴ የነጠቀ፤ ስሙ ሲነገር
ምሳ የሚበላሽብን፤ አርባ ዓመት ሙሉ
ሰላምታ የነፈግነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ።
ወይራውም የእሱ ነው፣ በቅጥሩ አናት አልፎ
ግቢሽ የሚያራግፈው።

ሳቨር ተቆጣ። "ለእኔም አንድ፣ ለእሱም አንድ?" አለ።
"ላንተ ሁለት" አለች እናቴ። ዝም አለ።

ትናንት ቀብርሽ ላይ፣ ከኋለኛው ወንበር
ከዘራ ተመርኩዞ አንድ ሽማግሌ ነበር።
ማንም እጁን አልጨበጠው። እኔም አልጨበጥሁም።
ያውቅ ኖሯል? እንጃ።

ቅዳሴ ከቆምኩ ስንት ዓመቴ። ታውቂያለሽ፤
አንድ ቀን እንኳ አልወቀስሽኝም፣ አልጠየቅሽም ምነው ብለሽ።
አሁን ግን ክሩን በጣቴ ስዳስስ፣
ዘጠነኛዋ ፍሬ ከሌሎቹ ሁሉ ቀጥናለች፤
ከመታሸት ብዛት ልታልቅ ደርሳለች።

ፀሐይ እየገባች ነው። መጥረጊያው ግድግዳ ተደግፏል፤
ቤቱ እንዳለ ነው፤ አቧራው እንኳ አልተነካም።
ሳቨር ባርኔጣውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ፤
የስልሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ እጁን ዘረጋልኝ፣
ጨው የመሰለ ፂሙ እየተንቀጠቀጠ፦
"ከየት ነው የሚጀመር?"